ክኒኑን ገዝቼ አስቀምጬዋለሁ፤ ልጀምረው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 29 ዓመቴ ነው፤ ካገባሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የወሊድ መከላከያ ተጠቅሜ አላውቅም፤ ግን እስካሁን አላረገዝኩም። የወር አበባዬ በሁለት ወር፣ አንዳንዴም በሦስት ወር ነው የሚመጣው። ባለፈው ወር የማህፀን ሐኪም ጋ ሄጄ በአልትራሳውንድ ታየሁ። ‹‹ኦቫሪሽ (እንቁላል የሚያድግበት አካል) ላይ ትንንሽ ሲስቶች አሉ፤ እንቁላልሽ በጊዜው አይለቀቅም›› ተባልኩና ክሎሚፊን ታዘዘልኝ። መድኃኒቱን ገዝቼ ቤት አስቀምጬዋለሁ፤ ግን ፈራሁ። ጎረቤቴ ‹‹ማህፀን ያደርቃል›› አለችኝ። እህቴ ደግሞ ‹‹መንታ ትወልጃለሽ›› ትለኛለች። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ ስለሚመላለስ ቤት የሚያድረው በወር ጥቂት ቀን ነው። እሱ አልተመረመረም። ልጀምረው ወይስ ልተወው? ብጀምረውስ እንዴት ልውሰደው?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዋናውን መልስ ላስቀድምልሽ። መድኃኒቱ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ አትጣይው። ግን በዚህ ወር አትጀምሪው። ባለቤትሽ ይመርመር፤ አንቺም የቀሩሽን አንድ ሁለት ምርመራዎች ጨርሺ። ከዚያ በኋላ ክኒኑ ሥራውን ይሠራል።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ሴት ወደኔ መጣች። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ከቦርሳዋ የተጠቀለለ ፌስታል አወጣች። ውስጡ ባዶ የክሎሚፊን ስትሪፖች ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። ስምንት ወር ሙሉ ውጣለች። መጀመሪያ ያዘዘላት ሐኪም ‹‹ካላረገዝሽ ተመለሺ›› ብሏት ነበር። እሷ ግን በዚያችው ማዘዣ ከፋርማሲ እየገዛች ቀጠለች። በእነዚያ ስምንት ወራት አንድም ቀን በአልትራሳውንድ አልታየችም፤ ባሏም አልተመረመረም። አስመረመርነው። በዘር ፈሳሹ ናሙና ውስጥ አንድም ስፐርም አልነበረም። ክኒኑ እንቁላሏን እያሳደገላት ይሆናል፤ እንቁላሉን የሚያገኘው ግን አልነበረም። ስነግራት አለቀሰች። ያስለቀሳት ውጤቱ ብቻ አይመስለኝም፤ እነዚያ ስምንት ወራት ናቸው።

ስለዚህ ከባለቤትሽ እንጀምር። ልጅ ከሚዘገይባቸው ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ወንዱ ጋ ያለ ችግር ድርሻ አለው፤ ብቻውን ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ። አንቺ ጋ አንድ ምክንያት ተገኘ ማለት እሱ ጋ ምንም የለም ማለት አይደለም። ምርመራው ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው። አያምም፤ መርፌ የለውም።

እንዲህ ነው የሚደረገው። ናሙናውን ከመስጠቱ በፊት ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ይታቀባል። ከጉዞ ሲመለስ ‹‹ብዙ ቀን ስለቆየሁ የተሻለ ይሆናል›› ብሎ እንዳያስብ። ከሳምንት በላይ ሲቆይ የስፐርሙ እንቅስቃሴ ይቀንሳል። ናሙናው የሚሰበሰበው ላቦራቶሪው በሚሰጠው ንጹሕ ዕቃ ነው፤ በኮንዶም አይሆንም፤ ሳሙናም ቅባትም አይነካውም። ቤት ከሰጠ ዕቃውን ከሸሚዙ ሥር፣ ከገላው አስጠግቶ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማድረስ አለበት። በመኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ እየመታው የመጣ ናሙና አጋጥሞኛል፤ ያ ውጤት ስለሰውየው ምንም አይነግረንም።

ውጤቱ ዝቅ ቢል አትደንግጡ። ስፐርም ተሠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። በእነዚህ ወራት ወባ ወይም ሌላ ከባድ ትኩሳት ያለበት በሽታ ይዞት ከነበረ ውጤቱ ለጊዜው ሊወርድ ይችላል። ባለቤትሽ ቆላ እያቋረጠ የሚሠራ ሰው ስለሆነ ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው። ምርመራው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ይደገማል። ምንም ስፐርም ካልታየ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ወዲያው ሐኪም ማየት አለበት። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ዛሬውኑ ያቁም።

‹‹እሺ ይለኛል ወይ?›› ብለሽ እየተጨነቅሽ ይሆናል። ብዙ ሴቶች እዚህ ላይ ነው የሚቸገሩት። ‹‹አንተ ችግር አለብህ›› ብለሽ አትጀምሪ። ‹‹ሐኪሙ መድኃኒቱን ከመጀመሬ በፊት የሁለታችንንም ውጤት ይፈልጋል›› በይው። ውሸት አይደለም፤ ይኸው እኔም እፈልጋለሁ።

ሁለተኛው የማህፀን ቱቦሽ ነው። እንቁላልና ስፐርም የሚገናኙት ቱቦው ውስጥ ነው። ቱቦው ከተዘጋ ክሎሚፊን ምንም አይፈይድም። ይህን የሚያሳየው በቀለም የሚነሳው የማህፀን ራጅ ነው። የሚሠራው የወር አበባ ቆሞ እንቁላል ከመለቀቁ በፊት ባሉት ቀናት ነው። ሆድ ይቆርጣል፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ማስታገሻ ብትወስጂ ይቀልሻል። ከዚህ በፊት የማህፀን ኢንፌክሽን፣ ውርጃ፣ የትርፍ አንጀት ወይም ሌላ የሆድ ቀዶ ሕክምና፣ የሳንባም ሆነ ሌላ ዓይነት ቲቢ ኖሮብሽ ከሆነ ይህን ራጅ ሳታነሺ ክኒኑን አትጀምሪ። ምንም ካልነበረብሽ አንዳንድ ሐኪሞች ሦስት ዙር ሞክረው ያዙታል። እኔ በበኩሌ ቀድሞ ቢሠራ እመርጣለሁ። እኛ አገር ቱቦ የሚዘጋ ኢንፌክሽን ብዙ ነው፤ ብዙ ሴት ደግሞ ሳታውቀው ያልፋታል።

የታይሮይድና የፕሮላክቲን (ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርግ ሆርሞን) የደም ምርመራም ይደረግልሽ። ሁለቱም ሲዛቡ የወር አበባን ያዘገያሉ። የእነሱ መድኃኒት ሌላ ነው፤ ክሎሚፊን አይደለም። ከጡትሽ ወተት የሚመስል ነገር የሚወጣ ከሆነ ለሐኪምሽ ሳትነግሪ እንዳትወጪ።

ፎሊክ አሲድ ግን ዛሬ ጀምሪ። በቀን 400 ማይክሮግራም። የልጁ አከርካሪና ጭንቅላት የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ። በአገራችን አከርካሪያቸው ሳይገጥም የሚወለዱ ሕፃናት ብዙ ናቸው። ይህችን ርካሽ ክኒን ካረገዙ በኋላ የሚጀምሩ እናቶችን ሳይ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። የስኳር በሽታ ወይም የሚጥል በሽታ ካለብሽ መጠኑ ከፍ ስለሚል ሐኪምሽን ጠይቂ።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ እንምጣ። ‹‹ሲስት አለ›› የተባለው ነገር ስሙ ነው የሚያስፈራው። በአልትራሳውንድ ሲታይ ኦቫሪው ዳር ዳሩን እንደ ጨሌ የተደረደሩ ትንንሽ ጥቁር ክቦች አሉት። እነዚህ ዕጢ አይደሉም፤ ቀዶ ሕክምናም አያስፈልጋቸውም። ማደግ ጀምረው መንገድ ላይ የቆሙ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። ከወር አበባሽ መራራቅ ጋር ሲደመር ችግርሽ ፒሲኦኤስ (ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም) የሚባለው ይመስላል። አገጭሽ ላይ ጠጉር፣ ፊትሽ ላይ የማይለቅ ብጉር ካለ ደግሞ የበለጠ ይጠናከራል። እንቁላል በጊዜው እንዳይለቀቅ ከሚያደርጉ ችግሮች ዋነኛው ይህ ነው፤ ለመድኃኒትም ጥሩ ምላሽ ይሰጣል።

ክሎሚፊን የሚሠራው እንዲህ ነው። ከአንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ በየወሩ ለኦቫሪ ‹‹እንቁላል አሳድጊ›› የሚል ሆርሞን ትልካለች። እንቁላሉ ሲያድግ ኦቫሪ ኤስትሮጅን የሚባል የሴት ሆርሞን ያመነጫል። አንጎል ኤስትሮጅኑን ሲያይ ‹‹በቃ፣ ደርሷል›› ብሎ ትእዛዙን ይቀንሳል። ክሎሚፊን አንጎል ኤስትሮጅኑን እንዳያይ ይጋርደዋል። አንጎል ‹‹ገና ነው›› ይልና ትእዛዙን ይጨምራል። በዚያ ጉልበት ከቆሙት ከረጢቶች አንዱ ያድግና እንቁላሉን ይለቃል። መድኃኒቱ እንቁላልሽን ቀድሞ አይጨርስብሽም። ኦቫሪ ብትውጪም ባትውጪም በየወሩ ብዙ እንቁላሎች ያጣል።

የጎረቤትሽ ወሬ ከባዶ የተነሳ አይደለም። ክሎሚፊን ኤስትሮጅንን የሚጋርደው አንጎል ላይ ብቻ ስላልሆነ አንዳንድ ሴቶች ላይ የማህፀን የውስጥ ሽፋን ይሳሳል፤ የማህፀን በር ፈሳሽም ይቀንሳል። ይህ ግን በዚያ ዙር የሚታይ ነገር ነው። መድኃኒቱ ሲቆም ሽፋኑ ይመለሳል። ማህፀን አድርቆ አያስቀርም። በአልትራሳውንድ ሽፋኑ ሳስቶ ከታየ ሐኪምሽ መድኃኒቱን ይለውጣል።

ስለመለወጥ ካነሳን፣ ሌትሮዞል ስለሚባለው መድኃኒት ሐኪምሽን ብትጠይቂ ደስ ይለኛል። በአሜሪካ 750 የፒሲኦኤስ ታካሚዎች የተሳተፉበት፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሁለቱን አወዳድሯል። እስከ አምስት ዙር ሌትሮዞል ከወሰዱት ከመቶ 27.5ቱ ወለዱ፤ ክሎሚፊን ከወሰዱት ደግሞ 19.1። ከዚያ ወዲህ ዓለም አቀፉ የፒሲኦኤስ መመሪያ ሌትሮዞልን ቀዳሚ ምርጫ አድርጎታል። ካገኘሽው ወረቀቱ እንዳያስደነግጥሽ። ሌትሮዞል መጀመሪያ የተሠራው ለጡት ካንሰር ስለሆነ መግለጫው የሚያወራው ስለ ካንሰር ነው። አንዲት ታካሚዬ ወረቀቱን አንብባ ‹‹ካንሰር እያለብኝ ደበቁኝ›› ብላ ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ አድራለች። እንቁላል ለማሳደግ የሚወሰደው ለአምስት ቀን ብቻ ነው፤ ከሰውነትም ቶሎ ይወጣል። ካላገኘሽው ግን ክሎሚፊን ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ልጆች የተወለዱበት መድኃኒት ነው። በእጅሽ ያለውን አትናቂው።

አወሳሰዱ። የወር አበባሽ እስኪመጣ ሁለት ሦስት ወር መጠበቅ የለብሽም። መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ይደረጋል። ነፍሰ ጡር ካልሆንሽ ሐኪምሽ የወር አበባ የሚያመጣ ክኒን ለጥቂት ቀናት ይሰጥሻል፤ ጨርሰሽ ብዙም ሳይቆይ ደሙ ይመጣል። ደሙ በደንብ መፍሰስ የጀመረበትን ቀን አንድ ብለሽ ቁጠሪ። ጠብታ ብቻ የታየበት ቀን አይቆጠርም። ክሎሚፊን ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ይጀመራል፤ 50 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ፣ ለአምስት ቀን።

በምሳሌ ላሳይሽ። ደሙ ጥር 10 ጀመረ እንበል። ከጥር 12 እስከ 16 አንድ አንድ ክኒን ትውጫለሽ። ጥር 21 አካባቢ አልትራሳውንድ ትነሻለሽ። ሐኪሙ ከእነዚያ ትንንሽ ክቦች አንዱ አድጎ 18 ሚሊሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ደርሶ እንደሆነ ይለካል። እንቁላል የሚለቀቀው አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው ክኒን ከአምስት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ በእኛ ምሳሌ ከጥር 21 እስከ 26። ስለዚህ ከጥር 20 እስከ 27 ቀን እያለፋችሁ ተገናኙ። እንቁላል ከተለቀቀ ከሳምንት በኋላ የሚታየው ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን የደም ምርመራ መለቀቁን ያረጋግጣል። ‹‹የ21ኛው ቀን ምርመራ›› ይሉታል፤ ግን በ21ኛው ቀን ትክክል የሚሆነው በ14ኛው ቀን ለለቀቀች ሴት ነው። አንቺ ዘግይተሽ ከለቀቅሽ ምርመራውም ይዘገይ።

አሁን የባለቤትሽን ሥራ አስቢ። ያ ስምንት ቀን እሱ ጋላፊ ላይ ወረፋ የሚጠብቅበት ሳምንት ከሆነ ክኒኑ በከንቱ ሄደ። ስለዚህ ቀኑ ከጉዞው ጋር ይገጣጠም። የወር አበባ የሚያመጣው ክኒን እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ መቼ እንደሚጀመር ከሐኪምሽ ጋር ተማክራችሁ እሱ ቤት ከሚያድርበት ሳምንት ጋር ማቀራረብ ትችላላችሁ። እረፍት ማግኘት ካልቻለ በዚያ ወር አትውጪ።

ጾምም እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም አብራችሁ የማትሆኑ ከሆነ በጾሙ መካከል ክኒን አትጀምሪ። ይህን ለሐኪም መናገር የሚያፍሩ ጥንዶች አሉ። ይውጣሉ፣ በአልትራሳውንድ ይታያሉ፣ እንቁላሉ ያድጋል፤ ግንኙነት ግን የለም። ‹‹መድኃኒቱ አልሠራልኝም›› ተብሎ መጠን ይጨመርባቸዋል። ንገሪው፣ እህቴ። ከፋሲካ በኋላ መጀመር ምንም አይጎዳም። ክኒኑን ማታ ብትውጪው ደግሞ ጿሚም ብትሆኚ አይከብድሽም፤ ረመዳንም ቢሆን ያው ነው። ከምግብ ጋር የግድ አይደለም። ማታ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ መድኃኒቱ የሚያመጣውን ሙቀትና ራስ ምታት ተኝተሽ ታሳልፊዋለሽ።

ጠበል የምትጠጪ ከሆነ ጠጪ፤ ከክኒኑ ጋር አይጣላም። የማላውቀው ቅጠላ ቅጠል ተፈጭቶ በማር ሲሰጥሽ ግን አትቀላቅይ።

መድኃኒቱ ምን ይሰማኛል ካልሽ፣ ድንገት ሙቀት ሽቅብ ይልብሻል፣ ራስ ምታት ይኖራል፣ ሆድ ይነፋል፣ ሆደ ባሻ ትሆኛለሽ። ይህ ያልፋል። ዓይንሽ ላይ ብዥታ ወይም የብርሃን ብልጭታ ካየሽ ግን ክኒኑን አቁሚና ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ቀጣዩን እንዳትውጪ። ሆድሽ በፍጥነት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ሽንትሽ ከቀነሰ፣ ወይም አንድ ጎንሽን ብቻ አጥብቆ ከወጋሽ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂ። በክኒን እዚህ የሚደርሱት ጥቂት ናቸው፤ ግን አይጠበቅበትም።

እህትሽ ስለመንታ ያለችው ግማሽ እውነት አለው። በክሎሚፊን ካረገዙ መቶ ሴቶች ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆኑት መንታ ይፀንሳሉ። ቀሪዎቹ አንድ ልጅ ነው የሚወልዱት። በሌትሮዞል መንታ ከዚህም ያነሰ ነው። ‹‹ሁለት ብውጥ በአንድ ጊዜ ሁለት አይመጣልኝም?›› ብለው የሚጠይቁኝ አሉ፤ በተለይ ዓመታት የጠበቁ። ይገባኛል። ግን መንታ እርግዝና ቀኑ ሳይሞላ የመውለድ አደጋው ብዙ ነው፤ የእናትየዋ ደም ግፊትም ሊጨምር ይችላል። መጠኑን በራስሽ አትጨምሪ። በአልትራሳውንድ ሦስትና ከዚያ በላይ እንቁላል አድጎ ከታየ ሐኪምሽ ‹‹በዚህ ወር ተጠንቀቁ›› ሊላችሁ ይችላል። ያኔ ስሙት፤ ያ ወር ይለፍ።

መጠን የሚጨመረው እንቁላል ካልተለቀቀ ነው፤ ወደ 100፣ ካስፈለገም ወደ 150። ከተለቀቀና ካላረገዝሽ በዚያው 50 ትቀጥያለሽ፤ መጨመር ምንም አይጠቅምም። ፒሲኦኤስ ካለባቸው መቶ ሴቶች ከሰባ እስከ ሰማንያ የሚሆኑት በክሎሚፊን እንቁላል ይለቃሉ። የሚያረግዙት ግን ከዚያ ያነሱ ናቸው፤ ምክንያቱም ሁሉ ነገር የተስተካከለላቸው ጥንዶች እንኳ በአንድ ወር የመፀነስ ዕድላቸው ከአምስት አንድ ገደማ ነው። በመጀመሪያው ወር ካልመጣ መድኃኒቱ ከሽፏል ማለት አይደለም። ክብደትሽ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ለምሳሌ 80 ኪሎ ብትሆኚ፣ አራት ኪሎ መቀነስ ብቻ አንዳንዴ የወር አበባን ያስተካክላል፤ ክኒኑም በተሻለ ይሠራልሻል።

እንቁላል እየተለቀቀ ስድስት ዙር ካለፈ ግን ክሎሚፊኑ ይብቃ። ከዚያ በኋላ በመርፌ የሚሰጥ ሆርሞን አለ፤ ከሰውነት ውጭ ማዳቀልም አለ። ለዚህ ዛሬ የግድ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ የግል ክሊኒኮች አሉ፤ ከመንግሥትም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው። አንቺ ግን 29 ዓመትሽ ነው፤ ለዚያ አትቸኩይ።

ለቀጠሮሽ ከአንድ ደብተር ላይ አንድ ገጽ ያዢ። የመጨረሻዎቹን አራት የወር አበባ ቀኖች ጻፊ፤ ከዚያ ሥር የባለቤትሽን ውጤት፣ ከዚያ ሥር በሚቀጥሉት ሁለት ወራት እሱ ቤት የሚያድርባቸውን ቀኖች። የገዛሽውን ክሎሚፊንም ይዘሽ ሂጂ፤ የሚያበቃበትን ቀን ሐኪሙ አብሮሽ ይይ።